የቅዳሜ ከረሜላ፦ የአንድ የጤና ምክር አመጣጥና የተከፈለበት ዋጋ

በስዊድን ከተሞች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ ጣፋጭ መሸጫ የገባ ሰው፣ ልጆች ባዶ የወረቀት ከረጢት ይዘው በዓይነት በዓይነቱ ከተደረደሩ የከረሜላ ሣጥኖች ፊት ቆመው የትኛውን እንደሚያነሡ ሲያመነቱ ያገኛቸዋል። ልማዱ ስም አለው፤ «ሎርዳስጎዲስ» ይሉታል፤ የቅዳሜ ጣፋጭ ማለት ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ልጅ በሥራ ቀን ከረሜላ ቢጠይቅ የሚሰማው መልስ «አይቻልም» ሳይሆን «ቅዳሜ» የሚል ነው። ላየው ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ባህል ይመስላል። ይሁን እንጂ የተጀመረበት ዘመን በውል ይታወቃል፤ ምንጩም አንድ ሆስፒታል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊድን በአገራችን የሕክምና ታሪክ የምትታወሰው በ1960ዎቹ ከሕፃናት የምግብ እጥረትና ከፋፋ ምግብ ጋር ተያይዛ ነው። የተጎዱ ሕፃናትን ለማዳን ባለሙያዎቿን ወደ አዲስ አበባ የላከችው አገር፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በራሷ ልጆች አፍ ውስጥ የገጠማት ችግር ግን የተለየ ነበር። በ1930ዎቹ በተደረጉ ምርመራዎች ከሦስት ዓመት ሕፃናት እንኳ የአብዛኞቹ ጥርስ በስብሶ ተገኝቷል። የስዊድን ፓርላማ በ1938 የሕዝብ የጥርስ ሕክምና አገልግሎት እንዲቋቋም ወሰነ። ወዲያውም አንድ ጥያቄ ተነሣ። የበሰበሰውን ሁሉ ለመሙላት በቂ የጥርስ ሐኪም የለም፤ ስለዚህ በሽታው ከምን እንደሚመጣ አውቆ ከመነሻው መከላከል ይሻላል። ታዲያ ከምን ይመጣል?

የዚያን ዘመን ሊቃውንት በዚህ ላይ አልተስማሙም። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊሎቢ ሚለር በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች አፍልተው አሲድ እንደሚያመነጩ፣ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን እንደሚያሟሟ አስረድቶ ነበር። በሌላ ወገን፣ በእንግሊዝ ሜይ ሜላንቢና ሌሎችም ችግሩ የሚጀምረው ጥርሱ ሲሠራ ነው፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት ደካማ ሆኖ የወጣ ጥርስ በቀላሉ ይበሰብሳል ይሉ ነበር። ስኳርን የሚከስ ሰው አልጠፋም። ሆኖም ምን ያህል ስኳር፣ በምን መልክ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚጎዳ በሰው ላይ ለክቶ ያሳየ አልነበረም።

ይህን ለመለካት የተመረጠው ቦታ በደቡብ ስዊድን በሉንድ ከተማ በ1935 የተከፈተው የቪፔሆልም ሆስፒታል ነው። በውስጡ የሚኖሩት ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና በጊዜው አነጋገር «ሊማሩ የማይችሉ» ተብለው የተፈረጁ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው ይኖራሉ። ሁሉም ከአንድ ወጥ ቤት ይመገባሉ፤ እንደ ልባቸው ወጥተው ከሱቅ የሚገዙም አልነበሩም። አንድ ተመራማሪ የሚመገበውን ሰው ምግብ ለዓመታት በግራም ለመቆጣጠር ከፈለገ ከዚህ የተመቸ ቦታ ማግኘት አይችልም። ለምርምሩ የተመቸው ነገርና ለሰዎቹ ኑሮ የከፋው ነገር አንድ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሥራው በ1945 ሲጀመር የተፈተነው የቫይታሚን ተጨማሪ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ተሰጥቶ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በ1947 የጥናቱ ዓላማ ተለወጠና ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቀውን ነገር መፈለግ ቀርቶ የሚያበሰብሰውን መስጠት ተጀመረ። ታካሚዎቹ በቡድን ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ስኳር በመጠጥ ተበጥብጦ ከምግብ ጋር ይሰጠው ነበር፤ ለሌላው ጣፋጭ ዳቦ፣ እሱም ከምግብ ጋር። ሌሎቹ ቡድኖች ቸኮሌት፣ ከረሜላ ወይም ቶፊ በምግብና በምግብ መካከል እንዲበሉ ተደረገ። ቶፊው ጥርስ ላይ እንዲጣበቅ ሆኖ የተዘጋጀ ነበር። ከቶፊ ቡድኖች አንደኛው በቀን 8፣ ሁለተኛው በቀን 24 ፍሬ ይታደለው ነበር። ለጥናቱ ከመንግሥት በተጨማሪ የስኳር፣ የቸኮሌትና የጣፋጭ አምራቾች ገንዘብና ምርት አዋጥተዋል።

ውጤቱ በቤንግት ጉስታፍሰን መሪነት በ1954 በስካንዲኔቪያ የጥርስ ሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። 436 ሰዎች ለአምስት ዓመታት የተከታተሉት ይህ ዘገባ እስከ ዛሬ በጥርስ ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ስኳሩን ከምግብ ጋር በመጠጥ የወሰዱት ሰዎች መጠኑ ብዙ ሆኖ ሳለ ጥርሳቸው ላይ የደረሰው ተጨማሪ ጉዳት ጥቂት ነበር። የሚጣበቀውን ቶፊ በምግብ መካከል ደጋግመው የበሉት ሰዎች ጥርስ ግን በፍጥነት በሰበሰ፤ ከሁሉ የባሰውም በ24ቱ ቶፊ ቡድን ታየ። ቶፊው ሲቋረጥ አዲስ የሚበሰብሰው ጥርስ ቁጥር ወደ ቀድሞው ወረደ። በሰውና በሰው መካከል ሰፊ ልዩነት እንደነበረም አይዘነጋም፤ አንዳንዱ ያንኑ ያህል በልቶ ብዙም አልተጎዳም፣ አንዳንዱ ደግሞ ስኳር ተከልክሎም መበስበሱ አልቆመለትም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት በዚያው በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ሮበርት ስቴፋን ያደረጋቸው ልኬቶች ይረዳሉ። በስኳር ውኃ ከተጉመጠመጡ በኋላ ጥርስ ላይ ባለው የባክቴሪያ ሽፋን ውስጥ የአሲዱ ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ያሻቅባል፤ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ ቀስ በቀስ አሲዱን ያመክናል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ አሥር ከረሜላ በአንድ ጊዜ የበላ ሰው ጥርሱን ለአንድ ጊዜ አሲድ ሲያጋልጥ፣ አሥሩን ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ያልመጠመጠ ሰው ደግሞ አሥር ጊዜ ያጋልጠዋል፤ ምራቁም ጥገናውን የሚጨርስበት ጊዜ አያገኝም።

ስለ ፈቃድ የሚነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ መታለፍ የለበትም። በቪፔሆልም የነበሩት ሰዎች እሺም እምቢም ለማለት የሚያስችል ማስረዳት አልተደረገላቸውም፤ ዘመዶቻቸውም አልተጠየቁም። ሰውን ለምርምር ለማሳተፍ በፈቃዱ መስማማቱ የግድ እንደሆነ የሚደነግገው የኑረምበርግ ሕግ የወጣው በ1947 ነው፤ ቶፊው መታደል የጀመረበት ዓመት መሆኑ ነው። ያ ሕግ ግን ለናዚ ሐኪሞች የተጻፈ እንጂ ራሳቸውን ቅን አድርገው የሚያዩ የሰሜን አውሮፓ የጥርስ ሐኪሞችን የሚመለከት አልመሰላቸውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ጋዜጦች ላይ ክርክር ተነሥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ጥናቱ ከሥነ ምግባር አንጻር በስፋት የተመረመረው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ኤሊን ቦሜኔል በ2006 በዚሁ ላይ የዶክትሬት ድርሳን አቅርባለች።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የስዊድን የሕክምና ባለሥልጣናት ውጤቱን ለሕዝብ የሚነገር ምክር የማድረግ ሥራ ገጠማቸው። «ጣፋጭ አትብሉ» ማለት ይቻል ነበር። እነርሱ ግን ሌላ መንገድ መረጡ፤ ልጆች የሚወዱትን ጣፋጭ ሁሉ ይብሉ፣ ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚል። የተመረጠው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ከጥናቱ ግኝት አንጻር ምክሩ ትክክል ነው፤ ድግግሞሹን ይቆርጣል፣ መጠኑን አይነካም። ለምርምሩ ያዋጡትን ጣፋጭ አምራቾችም ብዙ የሚያስከፋ አልነበረም፤ ከረሜላው በሳምንት አንዴ ይሸጣል እንጂ ከገበያ አይወጣም። ባለሥልጣናቱ ይህን አስበው ይሁን አይሁን ምክሩ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ማንንም ጨርሶ አለማስቀየሙ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሌላው ምክንያት የአምሮት ጠባይ ነው። አምሮት ሲከለከል ምን እንደሚሆን በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ሕዝብ ሳይፈልግ አሳይቶ ነበር። በብሪታንያ ስኳር ከጥር 1940፣ ከረሜላና ቸኮሌት ደግሞ ከሐምሌ 1942 ጀምሮ በራሽን ይታደሉ ነበር። የአንድ ሰው የጣፋጭ ድርሻ እንደየጊዜው በአራት ሳምንት ከ200 እስከ 450 ግራም ይደርስ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1949፣ መንግሥት የጣፋጩን ራሽን አነሣ። ሕዝቡ ወደ ሱቆች ጎረፈ፤ ልጅ አዋቂ ሳይል ያገኘውን ገዛ፤ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። አቅርቦቱ ፍላጎቱን ሊያሟላ ስላልቻለ በአራት ወር ውስጥ ራሽኑ ተመለሰ። ጨርሶ የተነሣው በየካቲት 1953 ነው፤ የስኳሩም በዚያው ዓመት መስከረም። ለሰባት ዓመታት ያህል በጥቂቱ የኖረ ሕዝብ ጥቂቱን ለመደና አምሮቱ ጠፋለት የሚል ሰው ካለ የ1949ኙ በጋ ተቃራኒውን ይነግረዋል።

ከአውስትራሊያም የሚጠቀስ ታሪክ አለ። በኒው ሳውዝ ዌልስ በቦውራል ከተማ በ1942 በተቋቋመው ሆፕውድ ሃውስ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ስኳርና ነጭ ዱቄት ከሞላ ጎደል በሌለበት፣ በአብዛኛው ከአትክልት በተዘጋጀ ምግብ ያድጉ ነበር። በ13 ዓመታቸው ግማሽ ያህሉ አንድም የበሰበሰ ጥርስ አልነበራቸውም፤ በአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ልጅ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነበር። የሚገርመው ጥርሳቸውን በደንብ አለመፋቃቸው ነው፤ የብዙዎቹ ድድ የታመመ ነበር። ልጆቹ አድገው ከማሳደጊያው ቁጥጥር ሲወጡና እንደ እኩዮቻቸው መብላት ሲጀምሩ ግን ጥርሳቸው እንደ ሌሎቹ ልጆች ጥርስ መበስበስ ጀመረ። የለመዱት ምግብ ወጥ ቤቱ ባለበት ብቻ ነበር የቆየው።

ወላጆች በየቤታቸው የሚያውቁትን ይህን ነገር ቆየት ብሎ ጥናት ደገፈው። በ1999 በአሜሪካ የታተመ የጄኒፈር ፊሸርና የሊያን በርች ሙከራ እንዳሳየው፣ ትንንሽ ልጆች እያዩት የተከለከሉትን መክሰስ ከቀድሞው ይልቅ ያወሩለትና ይፈልጉት ጀመር፤ እገዳው ሲነሣም ትኩረታቸው እሱው ላይ ነበር። የቅዳሜው ሥርዓት እገዳ መሆኑ አይካድም። ሆኖም መቼ እንደሚያበቃ ልጁ ራሱ ያውቃል፤ ወላጅም በየቀኑ አዲስ ክርክር ውስጥ አይገባም። ሐሙስ ዕለት የሚያለቅስ ልጅን ለማባበል በምክሩ ውስጥ የተዘጋጀ መልስ አለ።

እስከዚህ ድረስ ምክሩ ይመሰገናል። ችግሩ የሚጀምረው ለጥርስ የተቀመመውን መድኃኒት ለሌላ ሕመም ስንሰጠው ነው። ቆሽትና ጉበት የሚቆጥሩት ድግግሞሹን ብቻ አይደለም፤ መጠኑም ይከብዳቸዋል። ዛሬ ስዊድን በዓለም ላይ በነፍስ ወከፍ ብዙ ከረሜላ ከሚበሉ አገሮች ተርታ ናት። የልጆቿ ጥርስ ከ1930ዎቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተሻለ ነው፤ ለዚህም ምስጋናው ለቅዳሜ ብቻ አይደለም፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናና ለልጆች በነፃ የሚሰጠው የጥርስ ሕክምና ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከረሜላው ግን ወደ አንድ ቀን ተሰበሰበ እንጂ አልቀነሰም፤ የቅዳሜው ከረጢትም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሄደ።

መጠኑ ሲቀንስ የሚሆነውን ያሳየው ይኸው የብሪታንያ ራሽን ነው፤ ውጤቱ የታወቀው ግን ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የታዴያ ግራችነርና የባልደረቦቿ ጥናት ራሽኑ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎና ከተነሣ በኋላ የተወለዱ ከ60 ሺህ በላይ እንግሊዛውያንን አነጻጸረ። ራሽኑ በተነሣ ጊዜ የአዋቂ ሰው የቀን የስኳር ፍጆታ ከ40 ግራም ገደማ ወደ 80 ግራም ገደማ በእጥፍ አድጎ ነበር። በእናታቸው ማሕፀን ውስጥና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በራሽኑ ሥር የነበሩት፣ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በጎልማሳነታቸው በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ35 ከመቶ፣ በደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው በ20 ከመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ጥቅም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከማሕፀን ዘመን ብቻ የመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ገዝተው ጣፋጭ የቀነሱ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ገና አልተወለዱም፣ እናቶቻቸውም ከራሽን ካርዱ በላይ የሚያገኙበት መንገድ ጠባብ ነበር። የጠቀማቸው የሱቁ መደርደሪያ ነው።

ለአዋቂ ታካሚ «ጣፋጭ ቀንስ» ሲባል ምን መጠበቅ እንዳለበት መንገርም ተገቢ ነው። በ2016 ፖል ዋይዝና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ሙከራ ለሦስት ወር ያህል ስኳር የቀነሱ ሰዎች አንድን ምግብ ከቀድሞው ይልቅ ጣፋጭ ሆኖ አግኝተውታል፤ በጥቂት ስኳር የበለጠ ጣዕም ተሰማቸው ማለት ነው። ይህ ለውጥ የመጣው ግን ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ይበልጥ የሚወዱት የጣፋጭነት ደረጃም አልተለወጠም። ወደ ቀድሞ አመጋገባቸው ሲመለሱ ምላሳቸውም አብሮ ተመለሰ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሻዩ «ውኃ ውኃ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ቆራጥነት የጎደለው ተደርጎ ሊወቀስ አይገባም፤ ምላሱ ገና ጊዜውን አልጨረሰም።

የሁለቱ አገሮች ታሪክ በምርመራ ክፍል ውስጥ በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ይገናኛል። ታካሚውን «በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር ትወስዳለህ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ «በስንት ጊዜ ከፋፍለህ?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሱቁ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚጠጣ ነጋዴና ያንኑ ስኳር በሁለት ብርጭቆ ከምግብ ጋር የሚጨርስ ሰው ለቆሽታቸው ተቀራራቢ ሸክም ይዘው ቢመጡም ጥርሳቸው አይተካከልም። በአንጻሩ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ጭምር፣ ከቀኑ ጉልበት ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከአምስት በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው አሥር በመቶው 50 ግራም ያህል ነው፤ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 30 ግራም ያህል ሊይዝ ይችላል። የቅዳሜው ምክር በዚህ ሒሳብ ላይ የሚለው ነገር የለም።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ኢንሱሊን የሚወስድ ታካሚ «ከረሜላ በአፍህ አይዙር» ተብሎ ከተሸኘ፣ የደሙ ስኳር ሲወርድበት ሕይወቱን የምታተርፈውን ከረሜላ ከኪሱ አውጥቶ ሊጥላት ይችላል። ክልከላውና ይህች ልዩ ፈቃድ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው መነገር አለባቸው።

የቪፔሆልም ሆስፒታል ከተዘጋ ቆይቷል፤ በግቢው ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይማሩበታል። የ1954ቱ ዘገባ ግን በቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ሰንጠረዦቹም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ሰዎቹ የተመዘገቡት በተሰጣቸው ምግብ ስም ነው፦ የዳቦ ቡድን፣ የቸኮሌት ቡድን፣ የ8 ቶፊ ቡድን፣ የ24 ቶፊ ቡድን።